የዙፋን ፊልሞችን የሚጥላቸው ወርቁ አይደለም

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፤

በኪነ ጥበብ ዓምዳችሁ ላይ፣ ስለ ነገሥታትና ስለ ቤተ መንግሥት ሕይወት በከፍተኛ ወጪ የሚሠሩ ታሪካዊ ፊልሞችን የሚተች ጽሑፍ ወጥቶ አነበብኩ። ጸሐፊው በቅን ልቡናና በጥሩ ቋንቋ ያቀረቡት ሐሳብ፣ እነዚህ ፊልሞች ገንዘብ የሚበሉና ዓይን የሚማርኩ፣ እንደ ፊልም ሲመዘኑ ግን ባዶ ናቸው፤ ስለዚህ የሙያው ሰዎች ዘውዱንና ካባውን ትተው ወደ ተራው ሰው ኑሮ ቢመለሱ ይበጃል የሚል ነው። ከትችታቸው ግማሹን ያለማመንታት እቀበላለሁ፤ ከእነዚህ ፊልሞች ብዙዎቹ ከታዩ በኋላ ከልብስና ከአዳራሽ በቀር የሚታወስ ነገር አይተዉም። ድምዳሜያቸው ግን ትክክል አልመሰለኝም። በእኔ እምነት ፊልሞቹ የሚወድቁት ግርማው በማንም ትከሻ ላይ ሳያርፍ ሲቀር ነው። ካባው የሚከብደው፣ አዳራሹ የሚያስፈራው፣ ሥርዓቱ የሚያንቀው ሰው በታሪኩ ውስጥ ሲኖር፣ ያው ወርቅና ያው ሐር ከየትኛውም ንግግር በላይ ሲናገር አይተናል። ሐሳቤን በምሳሌ ላስረዳ፤ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የገንዘቡን ነገር አስቀድሜ ልጨርስ። ጸሐፊው እንዲህ ያሉ ፊልሞችን የሠሪዎቻቸውን ካዝና የሚያራቁቱ አድርገው አቅርበዋቸዋል፤ የሲኒማ ታሪክ ግን ይህን አያረጋግጥም። በ1933 አሌክሳንደር ኮርዳ በእንግሊዝ አገር ስለ ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ የሠራው ፊልም ዋና ተዋናዩን ቻርለስ ላውተንን ለኦስካር ከማብቃቱም በላይ የእንግሊዝን ሲኒማ በዓለም ገበያ አስከብሯል። በ1960 የወጣው የሕንዱ «ሙግል ኤ አዛም» ለ15 ዓመታት ያህል በአገሩ በገቢ የሚስተካከለው አልተገኘም። በ2005 መጨረሻ በደቡብ ኮሪያ የታየው «ንጉሡና ቀልደኛው» ደግሞ በአገር ውስጥ ብቻ ከ12 ሚሊዮን በላይ ትኬት ሸጧል፤ እሱም በመጠነኛ በጀት የተሠራ ነበር። ተመልካች ነገሥታትን ለማየት ወደ ሲኒማ ቤት መሄዱን አላቋረጠም። የሚያነጋግረን ከገባ በኋላ ምን ያገኛል የሚለው ነው።

የውድቀቱ ትልቁ ማስረጃ ሆኖ ዘወትር የሚጠቀሰው በ1963 ለእይታ የበቃው «ክሊዮፓትራ» ነው፤ ጸሐፊውም ጠቅሰውታል። የፊልሙን ታሪክ ግን ትንሽ ጠለቅ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ቀረጻው በእንግሊዝ አገር ተጀምሮ፣ ዋና ተዋናይቱ ኤልሳቤጥ ቴይለር በጠና በመታመሟ ተቋረጠ፤ ለጥንታዊቷ እስክንድርያ ተብሎ የተገነባው ሁሉ ተትቶም ሥራው ወደ ሮም ተዛወረና እንደገና ከመሠረቱ ተገነባ። የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሩበን ማሙሊያን ለቅቆ ጆሴፍ ማንኪዊችዝ ተተካ። ወጪው ወደ 44 ሚሊዮን ዶላር ተጠግቶ ትዌንቲዝ ሴንቸሪ ፎክስ የተባለውን ታላቅ ኩባንያ ለኪሳራ አፋፍ አደረሰው። በዚያው ዓመት በአሜሪካ ከሁሉም ፊልሞች የላቀ ገቢ ያስገኘው ይኸው ፊልም ቢሆንም ወጪውን ለመመለስ ግን ዓመታት ፈጅቶበታል።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ እኔን የሚያሳስበኝ የገንዘቡ መጠን አይደለም። ማንኪዊችዝ ቀን ቀን ይቀርጽ፣ ሌሊት ሌሊት ደግሞ በማግሥቱ የሚቀረጸውን ይጽፍ ነበር። ከተማው ተገንብቶ ሲያልቅ ጽሑፉ ገና አላለቀም ነበር ማለት ነው። ዳይሬክተሩ ታሪኩን በሁለት ፊልሞች ከፍሎ ለማቅረብ ቢፈልግም ኩባንያው እምቢ ብሎ አራት ሰዓት ገደማ ወደሚፈጅ አንድ ፊልም ጨፈለቀው። ንግሥቲቱ ወደ ሮም የምትገባበትን ዝነኛ ሰልፍ ያየ ሰው፣ በዚያ ሁሉ ጭፈራና በዚያ ሁሉ የሰው ጎርፍ መካከል የሚያስታውሰው ምርጥ ቅጽበት ክሊዮፓትራ ከፍ ካለው መቀመጫዋ ወርዳ ለቄሣር በዓይኗ የምትጠቅስበትን ነው። ያ ጥቅሻ ሳንቲም አላስወጣም። የቀረው ሰልፍ ግን ስለ ሴቲቱ ከሰልፉ በፊት የማናውቀውን አንድም ነገር አልነገረንም።

የሽልማቱን መዝገብ ማየትም ብዙ ያስተምራል። «ክሊዮፓትራ» አራት ኦስካር ሲያገኝ፣ ያገኛቸው በቀረጻ፣ በትዕይንት ግንባታ፣ በአልባሳትና በልዩ የምስል ጥበብ ነበር። በ1971 የወጣውና የመጨረሻውን የሩሲያ ንጉሠ ነገሥት ቤተሰብ ታሪክ የሚተርከው «ኒኮላስና አሌክሳንድራ» ሁለት አገኘ፤ አንዱ በትዕይንት ግንባታ፣ ሌላው በአልባሳት። በ2007 ስለ እንግሊዟ ንግሥት ኤልሳቤጥ 1ኛ የተሠራው ሁለተኛው የሼካር ካፑር ፊልም ያገኘው አንድ ሽልማትም የአልባሳት ነው። በ2023 የወጣው የሪድሊ ስኮት «ናፖሊዮን» በሦስት ዘርፎች ሲታጭ፣ ዘርፎቹ አልባሳት፣ የትዕይንት ግንባታና ልዩ የምስል ጥበብ ነበሩ። ልብስ ሰፊውንና አናጢውን ለማሳነስ አይደለም ይህን የምለው፤ የእነሱ ሥራ ታላቅ ጥበብ ነው፤ በእነዚህ ፊልሞችም ውስጥ ድርሻቸውን በሚገባ ተወጥተዋል። የሚያሳዝነው ጸሐፊውና ተዋናዩ ከእነሱ እኩል አለመድረሳቸው ነው።

ምክንያቱ ግልጽ ይመስለኛል። ልብስ መስፋትና ቤተ መንግሥት መገንባት ወራት የሚፈጅ በመሆኑ ከሁሉም ቀድሞ ይጀመራል፤ ጽሑፉ ግን እስከ መጨረሻው ቀን ሊታረም ይችላል ተብሎ ይታሰባል። ገንዘቡን ያወጣው ፕሮዲውሰርም ያሠራው አዳራሽ እንዲታይለት ይፈልጋል፤ ካሜራው ከሰው ፊት ርቆ ጣሪያውንና ምሰሶውን ሁሉ ይዞ ይቆማል። በጣም ብዙ ገንዘብ ስለወጣ ፊልሙ ማንንም ማስቀየም የለበትም ይባላል፤ በዚህም የተነሣ ንጉሡ ፍቅር ያጣ ደግ ሰው ወይም ጥርሱን የሚያፋጭ ክፉ ሰው ሆኖ ያርፈዋል። በመጨረሻም ተዋናዩ የልብሱ መስቀያ ሆኖ ይቀራል።

በተቃራኒው የሚቆመው፣ ከሁሉም አብልጬ የማደንቀው ምሳሌ፣ በ1987 በርናርዶ ቤርቶሉቺ ስለ ቻይናው የመጨረሻ ንጉሠ ነገሥት ስለ ፑዪ የሠራው «የመጨረሻው ንጉሠ ነገሥት» ነው። ይህ ፊልም ከማንኛውም የቤተ መንግሥት ፊልም ባላነሰ የተትረፈረፈ ነው፤ በሺህ የሚቆጠሩ አጃቢ ተዋንያን ተሰልፈውበታል፤ የተከለከለች ከተማ የሚባለው የቤይጂንጉ የነገሥታት ግቢ በር ለካሜራው ተከፍቶለታል። ለዘጠኝ ኦስካር ታጭቶ ዘጠኙንም ሲወስድ፣ ከመካከላቸው የአልባሳቱና የትዕይንት ግንባታው ብቻ ሳይሆን የጽሑፉ፣ የዳይሬክተሩና የምርጥ ፊልሙ ሽልማት ይገኙበታል። ለምን ተሳካለት? በ1908፣ ገና ሦስት ዓመት ሳይሞላው በዙፋን ላይ የተቀመጠው ፑዪ፣ የግርማው ጌታ ሳይሆን እስረኛው ስለሆነ ነው።

በዘውድ በዓሉ ዕለት ሕፃኑ አሰልቺውን ሥርዓት ትቶ በነፋስ ወደሚውለበለበው ቢጫ መጋረጃ ይሮጣል፤ መጋረጃው ሲገለጥ በሰፊው ግቢ ላይ የተደረደረው ሕዝብ በአንድነት ይሰግድለታል፤ ልጁ ግን ከዚያ ሁሉ ሰው ውስጥ የሚፈልገው ድምፁን የሰማውን ፌንጣ ነው። እዚህ ላይ የሺዎቹ ሰዎች ብዛት ትርጉም አለው፤ ቁጥራቸው በጨመረ መጠን የልጁ ትንሽነትና ብቸኝነት ጎልቶ ይታያል። አድጎ ደግሞ ታናሽ ወንድሙ አንተ ከእንግዲህ ንጉሠ ነገሥት አይደለህም ሲለው፣ ሥልጣኑን ለማረጋገጥ አንዱን አገልጋይ ቀለም ጠጣ ብሎ ያዝዘዋል፤ አገልጋዩም ይጠጣል። ከዚያ በላይ የሥልጣንን ባዶነት የሚያሳይ ጦርነት ማንም ሊቀርጽ አይችልም። እናቱ ስትሞት ሊወጣ ሲሞክር የግቢው በር ፊቱ ላይ ይዘጋል፤ ከብዙ ዓመታት በኋላ ጃፓኖች በማንቹሪያ ባነገሡት ጊዜም ሌላ በር በተመሳሳይ ሁኔታ ይዘጋበታል። የፊልሙ ቀራጭ ቪቶሪዮ ስቶራሮ ቤተ መንግሥቱን በቀይና በወርቃማ ብርሃን፣ ፑዪ በኋላ የታሰረበትን እስር ቤት ደግሞ በደበዘዘ ግራጫ ሲቀርጸው፣ ተመልካቹ ሁለቱንም እንደ እስር ቤት እንዲያያቸው አድርጎ ነው። በፍጻሜው አካባቢ ፑዪ እንደማንኛውም ጎብኚ ትኬት ቆርጦ ወደ ቀድሞ ቤቱ ሲገባ የሚሰማን ስሜት፣ ከዚያ በፊት የቤቱን ግርማ በሙሉ ባናይ ኖሮ ከየት ይመጣ ነበር? ጸሐፊው እንደሚመክሩት ወርቁ ተቀንሶ ቢሆን ይህ ፊልም ራሱ አይኖርም ነበር።

ልብስ ራሱ ታሪክ ሊሆን እንደሚችል ከሰርጌ አይዘንስታይን በላይ የተረዳ ያለ አይመስለኝም። ስለ ሩሲያው ዛር (ንጉሥ) ስለ አስፈሪው ኢቫን በሠራው ፊልም ሁለተኛ ክፍል፣ ዙፋኑን ለልጇ የምትመኝ አንዲት ልዕልት ዛሩን የሚገድል ሰው ታዘጋጃለች። ኢቫን ሴራውን ሲደርስበት በግብዣ ላይ ለሰከረው ለዚያ የዋህ ልጅ የራሱን ካባና ዘውድ በጨዋታ መልክ ያለብሰውና ፊት ፊት እንዲሄድ ያደርገዋል። ገዳዩም በጨለማው ውስጥ ካባውን አይቶ ይወጋል። እናቲቱ ዛሩ ሞተ ብላ በደስታ ስትጮህ ሬሳው የልጇ ሆኖ ታገኘዋለች። በወርቅ የተጠለፈው ካባ እዚህ ጌጥ መሆኑ ቀርቶ የሞት ፍርድ ሆኗል። የቤተ መንግሥቱ በሮችም ሆን ተብሎ ዝቅ ብለው ስለተሠሩ ሰዎቹ ሁሉ ጎንበስ ብለው ይገባሉ፤ የፍርሃቱን ልክ የምንረዳው ከማንም ንግግር ሳይሆን ከዚያ ነው። ይህ ክፍል በ1946 ተጠናቅቆ ሳለ ስታሊን ስላልወደደው ታግዶ፣ ለሕዝብ የታየው ዳይሬክተሩ ከሞተ ከአሥር ዓመት በኋላ በ1958 ነው። የድሮ ንጉሥ ታሪክ ከዘመኑ ገዢ ጋር እንዲህ የሚያጋጭ ከሆነ፣ የዙፋን ፊልም ካለፈ ዘመን ጋር የተቀበረ ተረት ነው ማለት እንዴት ይቻላል?

ከላይ የጠቀስኩት «ሙግል ኤ አዛም»ም በዚሁ ረገድ የሚመሰገን ነው። ዳይሬክተሩ ኬ አሲፍ በመስታወት የተለበጠውን አዳራሽ ለማሠራት ያወጣው ገንዘብና የወሰደው ጊዜ በዘመኑ ብዙዎችን አስገርሟል፤ ትዕይንቱም አብዛኛው በጥቁርና ነጭ በተቀረጸው ፊልም ውስጥ በቀለም የቀረበ ነው። የልዑሉ ፍቅረኛ የሆነችው የቤተ መንግሥት ጨፋሪ፣ ፍቅሯን በከለከላት በንጉሠ ነገሥት አክባር ፊት ቆማ የወደደ ሰው ለምን ይፈራል እያለች ትዘፍናለች፤ ምስሏም በጣሪያው መስታወቶች ሁሉ ላይ ይባዛል። አክባር ዓይኑን ወዴትም ቢያነሣ እሷን ያያል። ያን ሁሉ መስታወት ያስገጠመው ታላቁ ገዢ በገዛ አዳራሹ ውስጥ በአንዲት ጨፋሪ ተከበበ ማለት ነው። ለዚህ ትዕይንት የወጣው እያንዳንዱ ሩፒ ተገቢ ቦታው ላይ ውሏል።

ግርማው ጨርሶ ሳይታይ የሚሠራበት መንገድም አለ። በ2010 የወጣው «የንጉሡ ንግግር» ወደ 15 ሚሊዮን ዶላር በሚጠጋ በጀት ተሠርቶ በዓለም ዙሪያ ከ400 ሚሊዮን በላይ ገቢ አስገኝቷል። የእንግሊዙን ንጉሥ የጆርጅ 6ኛን የዘውድ በዓል ለማሳየት ሌላ ዳይሬክተር የፊልሙን ግማሽ በጀት ያፈስስ ነበር፤ ቶም ሁፐር ግን ንጉሡ ከቤተሰቡ ጋር ሆኖ የራሱን በዓል በዜና ፊልም ላይ ሲመለከት ነው የሚያሳየን። ወዲያውም የሂትለር ንግግር ይከተላል፤ አንደበቱ የሚተበተበው ንጉሥ ቃሉን ባይረዳውም ሰውዬው ምን ያህል አሳምሮ እንደሚናገር እያየ ይቀመጣል። የፊልሙ ትልቁ የጦር ሜዳ በመስከረም 3 ቀን 1939 ንጉሡ የጦርነቱን መጀመር ለሕዝቡ ሊናገር ከማይክሮፎን ጋር የተፋጠጠባት ጠባብ ክፍል ናት። በ1994 ኒኮላስ ሃይትነር ስለ ንጉሥ ጆርጅ 3ኛ ሕመም የሠራው ፊልም ደግሞ ይበልጥ ይደፍራል፦ ንጉሡ እየታገለ ከሕክምና ወንበር ጋር ሲታሰር የሚሰማው፣ ሄንደል በ1727 ለዘውድ በዓል የደረሰው ዝማሬ ነው። ሐኪሙ እርስዎ በሽተኛው ነዎት ሲለው፣ ያ ወንበር የዙፋን ተቃራኒ ሆኖ ይታየናል። የግርማው ሁሉ ክብደት በአንድ ሙዚቃ ገብቶልናል፤ አንድም አዳራሽ መገንባት አላስፈለገም።

ሌላው የውድቀት ምክንያት የዘመን ስፋት ነው። የስኮት «ናፖሊዮን» ከ1793 እስከ 1821 ያለውን 28 ዓመት በ158 ደቂቃ ውስጥ ለመጨረስ ስለሚሮጥ፣ ጦርነቱ፣ ጋብቻው፣ ዘውዱና ስደቱ አንዱ በሌላው ላይ ይረባረባሉ፤ ሰውየው ለምን እንዲህ እንደሆነ ለማሰብ ፋታ አናገኝም። በ1968 የወጣው «አንበሳው በክረምት» ግን የእንግሊዙን ንጉሥ የሄንሪ 2ኛንና የሚስቱን የንግሥት ኤሌኖርን ረጅም ጠብ በ1183 በአንድ የገና በዓል፣ በአንድ ግንብ ውስጥ ሰብስቦ፣ ሦስት ወንዶች ልጆቻቸውን በመካከል አስቀምጦ ያሳየናል። ካትሪን ሄፕበርን በዚህ ሥራዋ ኦስካር አግኝታለች፤ ጽሑፉም ተሸልሟል። ቤርቶሉቺ አንድ ሙሉ ሕይወት ተርኮ ተሳክቶለታል መባሉ እውነት ነው፤ የእሱ ፊልም ግን ከሰውየው እስር ተነሥቶ ወደ ኋላ ስለሚመለከት፣ ምን መምረጥና ምን መተው እንዳለበት ከመጀመሪያው ያውቃል።

በመካከል የሚቀር አንድ ፊልም አለ፤ እሱንም ጸሐፊው ያለ ርኅራኄ ነው የጣሉት። በ2006 ሶፊያ ኮፖላ ስለ ፈረንሳይዋ ንግሥት በቬርሳይ ቤተ መንግሥት ውስጥ የቀረጸችው «ማሪ አንቷኔት» አንድ ግሩም ትዕይንት አለው፦ ወጣቷ ልዕልት በጠዋት ራቁቷን ቆማ በብርድ እየተንቀጠቀጠች፣ ሸሚዟ በማዕረግ ከአንዲት ወይዘሮ እጅ ወደ ሌላዋ ሲተላለፍ፣ ከፍ ያለ ማዕረግ ያላት በገባች ቁጥር ሥርዓቱ እንደገና ሲጀመር እናያለን። ግርማ የሰውን ገላ እንዴት እንደሚያንገላታ ከዚህ በተሻለ ማሳየት ያስቸግራል። ፊልሙ በዚሁ ቢቀጥል ኖሮ ከታላላቆቹ ጋር ይቆም ነበር። ወደ መካከሉ ሲደርስ ግን ጫማውንና ጣፋጩን ራሱ ይወደውና ንግሥቲቱን ይረሳታል፤ ያገኘውም አንድ ኦስካር የአልባሳት ነው። ያም ሆኖ የመጀመሪያ ክፍሉ ብቻውን ከብዙ ሙሉ ፊልሞች ይበልጣል ብዬ እከራከራለሁ።

ስለ ታሪክ እውነትነት አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ስለ ንግሥት ኤልሳቤጥና ስለ ስኮትላንዷ ንግሥት ሜሪ የተሠሩ ፊልሞች ሁለቱን ሴቶች ፊት ለፊት የማገናኘት ፈተና ደጋግሞ ያሸንፋቸዋል። በታሪክ ግን ሁለቱ አንድም ቀን ተገናኝተው አያውቁም። ሜሪ በእንግሊዝ ምድር 19 ዓመት ያህል በግዞት ቆይታ በ1587 አንገቷ ሲቆረጥ ኤልሳቤጥን አላየቻትም። አንዷ ለሌላዋ ደብዳቤ እየጻፈች፣ አንዷ የሌላዋን ሞት በእጇ ይዛ፣ ሳይተያዩ መኖራቸው ከማንኛውም የፈጠራ ግንኙነት የበለጠ ድራማ ነው። ፊልም ሠሪዎቹ ይህን የሚጥሉት ሁለት ያጌጡ ንግሥቶችን በአንድ ምስል ለማየት ከመጓጓት እንደሆነ እገምታለሁ፤ ይህም ልብሱ ታሪኩን ሲመራ የሚደርሰውን ጉዳት በደንብ ያሳያል።

ስለዚህ ጸሐፊው ዘውዱ ይተው ያሉትን ምክር እንዲያጤኑት በአክብሮት እጠይቃለሁ። የተራ ሰው ኑሮ የሚተርክ ፊልምም ጽሑፉ ደካማ ከሆነ ይወድቃል፤ ያን ጊዜ ግን ድህነትን መቅረጽ ይቅር የሚል አይኖርም። ለዝግጅት ክፍላችሁም አንድ ጥያቄ አለኝ። የዚህ ዓይነት አዲስ ፊልም በወጣ ቁጥር ዓምዳችሁ ስንት ሚሊዮን እንደወጣበትና ስንት ሺህ ልብስ እንደተሰፋለት ይነግረናል፤ ጽሑፉን ማን እንደጻፈው ግን የሚጠቀሰው ከስንት አንዴ ነው። ከበጀቱ ጎን የጸሐፊውን ስም ብታስቀምጡልን፣ ሐያሲዎቻችሁም ስለ አዳራሹ ከመጻፋቸው በፊት በአዳራሹ ውስጥ ስላለው ሰው ቢጽፉልን፣ እኛ አንባቢዎችም ወደ ሲኒማ ቤት ስንሄድ ምን መጠበቅ እንዳለብን እናውቃለን።

ከማክበር ሰላምታ ጋር፣
የጋዜጣችሁ የዘወትር አንባቢ